ከምሳሌው የጎደለችው ቃል

«እንግዲህ የፈረንጆቹን መመሪያ የማርመው እኔ ነኝ» አለ ሚሊዮን ከችፑዱ ግድግዳ ወዲያ፤ እኅቱ አስካለ ደግሞ ከወዲህ የእሱኑ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። «እነሱ ይጽፋሉ፤ ለሕዝብ ሳያወጡት አንብብልን ይሉኛል። እኔ ስሕተቱን እየነቀስኩ እልክላቸዋለሁ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ።» እንግዳው አቶ ባዩ «እንዲህ ነው?» አሉ፤ ቀጥሎ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። አስካለ ካውያውን ኮሌታው ላይ እንደጫነች ቀረች። የተለበለበ ጨርቅ ሲሸታት ነው ብድግ ያደረገችው፤ ደግነቱ ከኮሌታው ሥር ባቄላ የምታህል ቡናማ ምልክት ብቻ ነው የቀረችው፣ ያውም ኮሌታው ሲታጠፍ የማትታይ።

አቶ ባዩ ከስማዳ ለቅሶ ለመድረስ መካነ ኢየሱስ ገብተው፣ «እግረ መንገዴን የኔታን ልሳለም» ብለው ነው የመጡት። ለቅሶው እውነት ነው፤ ባይኖርም ግን ሌላ ምክንያት አያጡም ነበር። ልጃቸው ህይወት ባሕር ዳር ነርስ ናት። ሚሊዮንም እዚያው ባሕር ዳር አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሁለቱ ከተዋወቁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ ጥርም ገብቷል። ሽማግሌ ከመቀበል በፊት ልጁ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ በገዛ ዐይን አይቶ መሄድ የአባት ወግ ነው። ይህን ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አልተናገረውም። ስለዚህ ነው እናታቸው ላቀች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የሶፋውን ልብስ የቀየረችው፤ ስለዚህ ነው አባታቸው መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ ሲወጡ ከማንም ጋር ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ ቤት የገቡት። ሚሊዮንም ትናንት ከሰዓት በመጨረሻው አውቶቡስ የደረሰው ለዚሁ ነው፤ ሁለት ሸሚዝ ይዞ፣ ሁለቱም የተጨማደዱ።

ሚሊዮን ለእንግዳው የተናገረው ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። መመሪያው የሚመጣው ወደ ሚሊዮን ነው፤ መልሱም የሚሄደው በሚሊዮን ስም ነው። በመሃል ያለው ሥራ ግን ስምንት ወር ሙሉ የአስካለ ነበር። ባለፈው ግንቦት «አንቺ እንግሊዝኛ ማንበብ አይሰለችሽም፤ እስቲ ይቺን ገጽ እይልኝ» ብሎ በስልክ ጀመረው። ከዚያ ሁለተኛ መጣ፣ ሦስተኛ መጣ፣ በኋላም የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሰጣትና «ራስሽ መልሺላቸው፤ እኔ ጊዜ የለኝም» አለ። አስካለ ከተማው ውስጥ በአንዲት ጠባብ ማሠልጠኛ ለቀበሌ ጸሐፊዎችና ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ኮምፒውተር ታስተምራለች። ስትጽፍ ስሟ አለመኖሩን መጀመሪያ አላሰበችውም ነበር። በኋላ አሰበችው። በኋላ ደግሞ ማሰቡን ለመደችው። ዛሬ ግን በገዛ ጆሮዋ «እኔ ነኝ» ሲባል ሰማች።

ሸሚዙን አጥፋ በሩን ገርበብ አድርጋ አቀበለችው። ሚሊዮን «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ዐይኗን ሳያይ። እሷም ወደ ጓዳዋ ገባች። ከአልጋና ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ በቀር ሌላ የማይይዝ ጓዳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሚሊዮን ከዓመታት በፊት የተወላት ላፕቶፕ አለ፤ ቁልፉ ላይ ከተጻፉት ፊደላት ግማሾቹ ተፍቀዋል። ተናዳ ነበር። ስትናደድ ደግሞ ሥራ መያዝ ይሻላታል። ሐሙስ የመጣው ገጽ ገና አልተጨረሰም ነበር፤ ከፈተችው።

ገጹ የሚያወራው ስለ አንድ ትእዛዝ ነው። ብዙ ሰዎች አብረው የሚጽፉትን ፕሮግራም የሚጠብቅ መሣሪያ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ አንድ በአንድ እየመዘገበ ያኖራል። ምዝገባው በረዘመ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ መሣሪያው የኋላውን ታሪክ አስቀድሞ አንብቦ አጭር ማውጫ የሚያዘጋጅ ትእዛዝ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ሲመጣ ታሪኩን ሁሉ ከማገላበጥ ማውጫውን አይቶ ይመልሳል። መመሪያው በደንብ የተጻፈ ነው። ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ እንከን አላገኘችበትም። ከአራሚዎቹ መካከል ሁሉም የሚያከብሩት አንድ ሽማግሌ ትናንት «በእኔ በኩል ጥሩ ነው» ብለው ጽፈዋል። ዛሬ ማምሻውን ይዘጋል ተብሏል። ከዚያ ወዲያ አዲሱ ዕትም ይወጣል፤ እስከሚቀጥለው የሚነካው የለም።

አባቷ ግን የዜማውን መጽሐፍ ድጓን በቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። «በዐይን የታረመ አልታረመም፤ በአፍህ ሳትወጣው ታረመ አትበል» እያሉ ደቀ መዝሙር ሲገሥጹ እየሰማች ነው ያደገችው። ስለዚህ አስካለ መመሪያ ስታርም አንብባ አታልፍም። የተጻፈውን ትእዛዝ ሁሉ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ትሞክረዋለች። የቀረቻት የመጨረሻዋ ምሳሌ ብቻ ነበረች፤ ሦስት መስመር የማትሞላ። «አዲስ የተመዘገበውን ወደ ማውጫው ለማስገባት እንዲህ ይጻፉ፤ የቀድሞው እንዳለ ይቆያል» ትላለች።

መሞከሪያ የሚሆን ረጅም ታሪክ አላት። አምስት ዓመት ሙሉ አባቷ የግዕዝ ግስ እየነገሯት እሷ በኮምፒውተር ስትጽፍ ኖራለች፤ ቀኑን የጻፉትን በዚሁ መሣሪያ ሳትመዘግብ አድራ አታውቅም። አንድ ሺሕ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ምዝገባ ሆኗል። መጀመሪያ ማውጫውን በሙሉ አዘጋጀች፤ መቶ ሃያ ኪሎባይት ገደማ ሆነ። ከዚያ የዚህን ሳምንት ሦስት ምዝገባዎች እንድታስገባ ምሳሌዋን እንዳለች ገልብጣ ጻፈች። ሠራ። ምንም አላጉረመረመም። ልትዘጋው ነበር፤ እጇ ግን የፋይሉን መጠን ጠየቀ። ሁለት ኪሎባይት አይሞላም።

«ምን?» አለች ብቻዋን። ደግማ ጠየቀች፤ ያው ነው። ማውጫው ውስጥ ያሉት ሦስቱ አዲሶቹ ብቻ ናቸው፤ የአምስት ዓመቱ የለም። ታሪኩን ራሱን ፈተሸችው፤ እሱ እንዳለ ነው፣ አንድ ግስ አልጎደለም። የተራቆተው ማውጫው ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ገጹን ወደ ላይ ወጥታ አነበበች። እዚያ ላይ «ጨምር» የምትል አንዲት ቃል ከትእዛዙ ጋር ካልተጻፈች ማውጫው እንደ አዲስ እንደሚሠራ በአንድ ቀጭን መስመር ተጽፏል። ከታች ምሳሌዋ ውስጥ ያቺ ቃል የለችም። ቃሏን ጨምራ ሞከረችው። መቶ ሃያ ኪሎባይት። ቃሏን አውጥታ ሞከረችው። ሁለት። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ሦስቴም ያው። በእሷ ትንሽ ታሪክ ላይ የጊዜው ልዩነት ዐይን አይሞላም፤ መቶ ሺዎች ለተመዘገቡበት ሥራ ግን ይህን ምሳሌ አምኖ የጻፈ ሰው ማውጫውን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል፤ ያፈረሰው እሱ እንደሆነም አያውቅም። ከወንበሯ ተነሣች። ጓዳው ለመንጎራደድ አይበቃም፤ ቢሆንም ከአልጋው እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ሁለት ተመለሰች። ሽማግሌው አራሚ አላዩትም። ማንም አላየውም። ንዴቱ የት እንደገባ አታውቅም።

ኔትወርክ ግን የለም። ስልኩ አንዴ አንድ ሰረዝ ያሳያል፣ አንዴ ያንኑም ይነሣል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ካፌ ሰገነት። እንደ ዕድል ሆኖ ላቀች ከማድ ቤት ተጣራች። «አንቺ፣ ለስላሳ አምጪ። እንግዳው ለምሳ ይቆያሉ። ቀዝቃዛውን እንዲሰጥሽ፣ ካልነገሩት የሞቀውን ነው የሚሰጠው።» አስካለ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። መንገዱ ላይ የጥር ፀሐይ አቧራውን ያነጣዋል። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ረዳት ሰው ይጠራል፤ አህያ የጫኑ ገበሬዎች በመሃል እየቆረጡ ያልፋሉ። በሌላ ቀን ሰላም የምትላቸውን ሦስት ሰዎች ሳታያቸው አለፈች። ሦስተኛዋ «ምን ነካሽ፣ ደኅና አይደለሽም?» አለቻት ከኋላ። «ደኅና ነኝ፣ በጣም ደኅና ነኝ» አለች አስካለ፣ እየሮጠች።

ሰገነቱ ላይ አርባ አምስት ብር የሚሸጥ ማኪያቶ አዘዘች፤ ካላዘዙ አያስቀምጡም። መልእክቱን ጻፈች። ያደረገችውን፣ የሆነውን፣ ቁጥሮቹን ሁሉ፣ በአጭር በአጭሩ። ጨርሳ ከላይ የላኪውን ስም ስታይ «ሚሊዮን ወልደ ጊዮርጊስ» ይላል። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ልትልከው ትችላለች፤ እስከ ዛሬ ስትልከው ኖራለች። «የማርመው እኔ ነኝ» ያለው ድምፅ አልጮኸባትም፤ እንደውም ከሁሉ የከነከናት እንዴት ቀለል አድርጎ እንደተናገረው ነበር። መልእክቱን ገልብጣ ከወንድሟ ኢሜይል ወጣች። የራሷን ከፈተች፤ ለማሠልጠኛው ደብዳቤ ብቻ የምትጠቀምበትን። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አስቸገራት፤ የአባቷን ስም ስንት ዓይነት አድርጋ ጻፈችው፣ አጠፋችው። ጊዮርጊስን በየትኛው ፊደል ልጀምረው ብላ ስታወላውል ማኪያቶው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ በዲፕሎማዋ ላይ እንዳለው አደረገችውና ላከችው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር። ደረጃውን ወርዳ፣ ለስላሳውን እንዳልገዛች መናኸሪያውን ካለፈች በኋላ ነው ትዝ ያላት።

ምሳው ላይ ማዕድ የቀረቡት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሳሎኑ ግን የሞላ ይመስላል። አቶ ባዩ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ስለ ገብስ ዋጋ ተነሣ፤ ስለ መንገዱ ተነሣ፤ ላቀች «አልቀመሱም እኮ፣ በሞቴ» እያለች አጎረሰች። አስካለ ለማስታጠብ ቆማ ነበር። አቶ ባዩ እጃቸውን ለቅልቀው፣ በፎጣው ጣት በጣት እያደረቁ፣ ወደ ሚሊዮን ዞሩ። «ቅድም ያልከኝ ነገር አእምሮዬን ያዘው። የምታርመው ምን ዓይነት ስሕተት ነው? ለምሳሌ አንዱን ንገረኝ።»

ሚሊዮን ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፈው ወር አስካለ ያገኘችውን አንዱን ጀመረ፤ መሃል ላይ ተሳከረበት፤ የሌላ ገጽ ነገር ቀላቀለበት። አስካለ ዐይኗን ከማንቆርቆሪያው አላነሣችም። መሪጌታ ግን ጥቂት የሳተች ድምፅ የማታመልጠው ጆሮ አላቸው። አምሳ ዓመት ተማሪ ሲስት ሰምተዋል። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ልጃቸውን አዩት። አቶ ባዩ ጨዋ ሰው ናቸውና ሊያግዙት ፈለጉ። «እኔማ ማሽኑን አላውቅም። የወንድሜ ልጅ ግን እንዲህ ያለው ሥራ ለማንም ክፍት ነው፣ የሠራው ሰው ስም ይታያል ይላል። እስቲ ስምህን አሳየኝ። የታተመ ስም ማየት ደስ ይለኛል።»

ሚሊዮን ፊቱ በራ። ይህማ አለው፤ የስምንት ወር ስሙ እዚያ ተደርድሯል። ስልኩን አወጣ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሁለት ሰረዝ ኔትወርክ መጥቶ ነበርና የአራሚዎቹ መልእክት ከነስማቸው የሚደረደርበት ገጽ እያዘገመ ተከፈተ። ሳያየው ለአቶ ባዩ ዘረጋላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፤ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት። የእንግሊዝኛ ፊደል እየለቀሙ ያነባሉ።

«አስ… ካ… ለ» አሉ። «አስካለ ወልደ ጊዮርጊስ። ከላይ ያለው ይህ ነው። ማን ናት?»

ማንቆርቆሪያው በአስካለ እጅ ውስጥ ከበደ። ሚሊዮን ስልኩን ወስዶ አየ። ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነበበ፣ ወደ ታች አነበበ። ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር አስካለ ሁሉንም አየችው፤ መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ገባው፣ ከዚያ ፈራ። ቀላል መውጫ ነበረው። «እሷንም እያስለመድኳት ነው» ቢል ማንም አይጠይቀውም። እሷም አፏን አትከፍትም ነበር።

«እኅቴ ናት» አለ። «ይቺው።»

«እሷም ትሠራለች እንዴ?»

ሚሊዮን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠው። «የምትሠራው እሷ ናት፣ ጋሽ ባዩ። ከላይ ያለውም እሷ ናት፤ ከታች በእኔ ስም ያለውም እሷ ናት። እኔ የይለፍ ቃሌን ነው የሰጠኋት።»

ላቀች «ውይ» አለች በሹክሹክታ፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሪጌታ አልተንቀሳቀሱም። አቶ ባዩ መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ከኪሱ ላይ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አስካለን ቀና ብለው አዩአትና፣ ወንድሟን እንደጠየቁት በዚያው ድምፅ፣ «እንግዲያ አንቺ ንገሪኝ። ዛሬ ምን አገኘሽ?» አሏት።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። እንዴት እንደምትነግራቸው አላሰበችበትም፤ ግን ሰውዬው የመዝገብ ቤት ሰው መሆናቸው ትዝ አላት። «መዝገብ ቤት ውስጥ የፋይሎቹ ዝርዝር የሚጻፍበት ደብተር አለ አይደል፣ ጋሽ ባዩ?» አለች። «አለ እንጂ። ያለሱ መቼ ይገኛል።» «ይህ መመሪያ፣ አዲስ ሦስት ፋይል ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ ለመጨመር እንዲህ አድርግ ይላል። እንዳለው ሲደረግ ግን ደብተሩን ቀዶ፣ አዲስ ደብተር አውጥቶ፣ ሦስቱን ብቻ ይጽፋል። ፋይሎቹ መደርደሪያው ላይ አሉ። ደብተሩ ግን አያውቃቸውም።» አቶ ባዩ ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ይህማ ጉድ ነው። አንድ የፋይል ቁጥር ፍለጋ ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ የዋልኩበት ጊዜ አለ። ማንም አላየውም?» «አላዩትም።» «አንቺ እንዴት አየሽው?» «እንዳሉት አደረግሁ» አለች አስካለ፤ ይህን ስትል ሳቋ መጣባት፤ አቶ ባዩም ሳቁ።

ሲሄዱ መሪጌታ እስከ በሩ ሸኟቸው። ሚሊዮን ባርኔጣቸውን ይዞ ከኋላ ቆሟል፣ ራሱን ደፍቶ። ሰውዬው የበሩን እንጨት እንደያዙ ወደ መሪጌታ ዞረው «የኔታ፣ ከጥምቀት በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም» አሉ። «ሰው ቢመጣብኝ ደስ ይለኛል።» ይህ በእነሱ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ ማለት ነው። ላቀች ጓዳው ውስጥ ሆና ሰምታው ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሚሊዮን ግን አልፈነደቀም፤ ባርኔጣውን አቀብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ማድ ቤቱ ሄደ።

አስካለ እዚያ ነበረች፤ ያልታጠበ ሳሕን መሃል ስልኳን ታነባለች። ምሳው ላይ ሳለች ኪሷ ውስጥ ሁለቴ ነዝሯት ነበር። የጻፉት ሽማግሌው አራሚ ናቸው። «ሞከርኩት፤ ልክ ነሽ። ይህን ገጽ ስድስት ዓመት ሳነበው አላየሁትም። ማስተካከያውን ራስሽ ጻፊው፤ ከመዘጋቱ በፊት ከደረሰ ይገባል» ይላል። እጇ ሳሙና እንደነካው ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሚሊዮን በሩ ላይ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«መቼ? ከእንግዳ ጋር ነበርክ።»

«ከዛሬ በፊት።»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሳሕኑን አየ፤ እሷን አየ። «ምን አሉሽ?» አለ በመጨረሻ፤ ስልኩን አሳየችው። ሲያነብ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «ራስሽ ጻፊው ነው የሚሉሽ እኮ፣ አስካለ። እኔን አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም» አለና ያለውን ራሱ ሰማው፤ ሁለቱም እኩል ሳቁ። ሳቁ ዕርቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ በመካከላቸው የቆመውን ነገር ትንሽ ገፋ አደረገው። ከዚያ መብራት ጠፋ። የአስካለ ላፕቶፕ ያለ መብራት ሩብ ሰዓት አይቆይም። ሚሊዮን ምንም ሳይል ወጥቶ የራሱን አዲሱን ላፕቶፕ አመጣላት፤ ከራሱ ስም ወጥቶ፣ ባዶውን የስም ቦታ እንድትሞላው ከፍቶ ሰጣት። እጅጌውን ጠቅልሎም ሳሕኑን ማጠብ ጀመረ፤ በሠላሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነው። ላቀች ገብታ አየችው፣ ወጣች።

አስካለ ደጅ መደቡ ላይ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ምሳሌው ውስጥ «ጨምር» የምትለውን ቃል አስገባች። ከሥሩ ማስጠንቀቂያ የምትሆን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለባት፤ አጭር መሆን አለባት፤ ማንም በችኮላ የሚያነብ ሰው የማይስታት። ጻፈች፣ አጠፋች። መሪጌታ ጣታቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ዜማ እየመቱ ይጠብቃሉ። «ወደ አማርኛ አምጥተሽ አንብቢልኝ» አሉ።

«‹ይህ ቃል ካልተጻፈ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ይጠፋል› ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«የቀድሞው።»

«ያ አምስት ዓመት የነገርኩሽ ግስ ጠፋ?»

«የለም፣ እሱ እንዳለ ነው። አንድም አልጎደለም። ማውጫው ውስጥ ነው የሌለው።»

መሪጌታ ጣታቸውን አቆሙ። «እንግዲያ አልጠፋም። ተዘለለ እንጂ። ጠፋ ብለሽ ከጻፍሽ የሚያነበው ሰው ይደነግጣል፤ ያለውን ነገር እንደሌለ ቆጥሮ ያለቅሳል። ሌላም ነገር ሊያበላሽ ይችላል፣ በድንጋጤ። ጠፋ ሌላ ነው፤ ተዘለለ ሌላ ነው።»

አስካለ አባቷን አየች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መልሰዋል። ቃሉን አጠፋች። የእንግሊዝኛውን ተተኪ ስትፈልግ ሦስት ቃላት መጡላት፤ ሁለቱን ጣለች። «ታሪኩ ምንም አይነካም፤ ይህ ቃል ካልተጻፈ ግን ቀድሞ የነበሩት ከማውጫው ይዘለላሉ» የሚል ሆነ። አሁን እውነቱን ብቻ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከፊተኛው በአራት ቃል ይረዝማል፣ ማንንም አያስደነግጥም። ሚሊዮን እጁን በሱሪው እያደረቀ መጣና ከትከሻዋ በላይ አነበበ። «‹ምንም አይነካም› የሚለውን ከፊት ማድረግሽ ጥሩ ነው» አለ። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ኔትወርክ ፍለጋ አጥሩ ላይ ወጣ፤ የቆርቆሮው ጫፍ ላይ ሁለት ሰረዝ አገኘ። «እዚህ አለ፤ ላኪው» እያለ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ቆመ። መንገድ ላይ ያለፉ ሁለት ካህናት ቀና ብለው አይተውት፣ የየኔታን ልጅ ምን ነካው ብለው ይመስላል፣ ሳይጠይቁ አለፉ። መልእክቱ ሄደ። ከዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፏል።

መልሱ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መብራት ተመልሶ ላቀች ራዲዮዋን ከፍታ ነበር። አስካለ ስልኩን አይታ «ገባ» አለች። «ተቀብለውታል። በሚወጣው ዕትም ውስጥ ነው።» ሚሊዮን ስልኩን ከእጇ ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ መለሰውም። ላቀች «ምን ገባ? የት ገባ?» እያለች ከአንዳቸው ወደ ሌላው ታያለች። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን አንዴ ነካ አደረጉ።

«ራዲዮውን ዝጊው» አሉ ለሚስታቸው። ለልጃቸው ደግሞ «ተነሥተሽ አንብቢው። እነሱ በጻፉት ቋንቋ።»

«አይገባችሁም እኮ፣ አባባ።»

«እኛ የማይገባንን ስንሰማ ነው የኖርነው። አንብቢ።»

አስካለ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ግን ተስተካከለ። ሽማግሌው አራሚ ብዙ አልጻፉም። ስሕተቱ ስንት ዓመት እዚያ እንደቆየ፣ ማን እንዳገኘው፣ «ተዘለለ» የሚለው ቃል ለምን ትክክለኛው ቃል እንደሆነ ነው የጻፉት። ሚሊዮን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ላቀች ግን አንድም ቃል ሳይገባት፣ የልጇን አፍ እያየች ቆይታ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ድንገት ቀና አለች።

«አስካለ አለ» አለች። «አሁን አስካለ አላለም?»

«ብሏል፣ እማዬ።»

«አንቺን?»

«እኔን።»

ላቀች እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። መሪጌታ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ ተማሪ እንደሚያዝዙት፣ «ከመጀመሪያው» አሉ። አስካለም ከመጀመሪያው ጀመረች።